የመጫወቻ ካሜራ ሌንስን ዲኤስኤልአር ላይ ገጥሞ ጣና ዳር ማንሳት

ሆልጋና ዲያና የሚባሉት የፕላስቲክ ካሜራዎች የሚወደዱት በጉድለታቸው ነው፤ መሐሉ ደህና ይታያል፣ ወደ ዳር ሲሄድ ይሟሟል፣ አራቱ ጥጎች ይጨልማሉ። ሌንሱን ነቅሎ ዲኤስኤልአር (ሌንሱ የሚቀያየር ዲጂታል ካሜራ) ላይ የገጠመ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ሌላ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር እኩል የፈዘዘ፣ ፎከስ የሳተ የሚመስል ፎቶ። ብዙዎች እዚያው ላይ ተስፋ ቆርጠው ሌንሱን መሳቢያ ውስጥ ይወረውሩታል። ሌንሱ ግን ጥፋት የለበትም፤ ጉዳዩ የመጠን ነው።

ሆልጋ እ.ኤ.አ. በ1982 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ሲወጣ የተሠራው 120 ለሚባለው ሰፊ ፊልም ነው። ካሬው ፍሬም በእያንዳንዱ ጎኑ 56 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው የካኖን ሴንሰር (በፊልም ፈንታ ብርሃኑን የሚቀበለው) ደግሞ 22.3 በ14.9 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከፊልሙ ስፋት አንድ አሥረኛውን ቢይዝ ነው። የሚይዘውም መሐሉን፣ ማለትም ሌንሱ ደህና የሚሠራበትን ቦታ ብቻ ነው። ጥቁሩ ጥግና የሟሟው ዳር ከሴንሰሩ ውጭ ይቀራል። 36 በ24 የሆነው፣ ፉል ፍሬም የሚባለው ትልቁ ሴንሰር እንኳ ከሩብ ትንሽ የሚበልጠውን ነው የሚይዘው። ስለዚህ ሥራው ሁለት ነው፤ ሌንሱን በትክክለኛው ርቀት ማስቀመጥ፣ ቀጥሎ የጠፋውን ዳር መመለስ። ሁለተኛውን የዘለለ ሰው ድብዝዝ ፎቶ ብቻ ይተርፈዋል።

ለካኖንና ለኒኮን ተብለው የተዘጋጁ የሆልጋ ሌንሶች አሉ፤ የትኩረት ርቀታቸው 60 ሚሊ ሜትር፣ የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳቸው ኤፍ 8 (ቁጥሩ ሲበዛ ቀዳዳው ይጠባል)። የዲያና ኤፍ ፕላስ ሌንሶችን ከእነዚሁ ካሜራዎች ጋር የሚያገናኝ አስማሚም ተሠርቷል። ከውጭ የሚመጣ ሰው ካመጣላችሁ የመቁረጡንና የማጣበቁን ክፍል ዝለሉት። ካልመጣ ግን ባሕር ዳር ከግንባታ ዕቃ መሸጫና ከጨርቅ ሱቅ በሚገኝ ነገር ከፋብሪካው የማያንስ መሥራት ይቻላል።

ሌንሱ ይሆናል ወይስ አይሆንም?

ዲኤስኤልአር ውስጥ የሚነሳና የሚወድቅ መስታወት አለ። ለእሱ ቦታ ሲባል ሌንስ የሚቀመጥበት የብረት ቀለበት ከሴንሰሩ ይርቃል፤ በካኖን 44 ሚሊ ሜትር፣ በኒኮን 46.5፣ በፔንታክስ 45.46። የሌንሱ የትኩረት ርቀት ከዚህ ካነሰ ሩቅ ያለ ነገር በጭራሽ ፎከስ አይገባም። ሌንሱን የግድ ወደ ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል፣ እዚያ ደግሞ መስታወቱ አለ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ያጣብቃል፣ ኋላ ይለካል።

መለካቱ ቀላል ነው። ቀን፣ መብራት ያልበራበት ክፍል ውስጥ ግቡ። ከመስኮቱ ትይዩ ያለ ግድግዳ ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፉ። ሌንሱን በወረቀቱ ፊት ያዙና ውጭ ያለው ዛፍ ወይም የማዶው ቤት ጣሪያ ተገልብጦ ጥርት ብሎ እስኪታይ አቅርቡት፣ አርቁት። የምታተኩሩበት ነገር ቢያንስ 20 ሜትር ይራቅ። ጥርት ባለበት ቦታ ላይ ከሌንሱ እስከ ወረቀቱ ያለው ርቀት የትኩረት ርቀቱ ነው። የመስኮቱን ፍሬም ራሱን ፎከስ አድርጋችሁ ከለካችሁ ቁጥሩ በዝቶ ይወጣል፤ ዓይናችሁ ከመስኮቱ ባሻገር ይሁን።

የሆልጋው 60 ሚሊ ሜትር፣ የዲያና ኤፍ ፕላስ 75 ሚሊ ሜትር፣ በድሮ ሳጥን ካሜራዎች ላይ ያሉት ነጠላ ሌንሶች ደግሞ 100 አካባቢ ናቸው፤ ሁሉም ይሆናሉ። 120 ፊልም ይጎርስ የነበረ ማንኛውም ተራ ካሜራ ተስፋ አለው። የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ፕላስቲክ ካሜራዎችና አንዴ ተነስቶባቸው የሚጣሉት ግን ሌንሳቸው 30 እና 35 አካባቢ ስለሆነ ዲኤስኤልአር ላይ ሩቅ አያዩም።

ቅርብ ግን ያያሉ፣ ያውም በደንብ። የ30 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከሴንሰሩ 46 ሚሊ ሜትር ላይ ሲቀመጥ ከሌንሱ 8.6 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለው ነገር ፎከስ ይገባል፤ በሴንሰሩ ላይ የሚያርፈውም የእውነተኛ መጠኑን ግማሽ ያህል ሆኖ ነው። የደንገል ራስ፣ ዝናብ ካለፈ በኋላ ዘጌ ላይ የሚያብበው የቡና አበባ፣ የታንኳ ማሰሪያ ቋጠሮ ለዚህ የተመቹ ናቸው። የሚጣለውን ካሜራ ስትፈቱ ግን ተጠንቀቁ። ፍላሽ ካለው ውስጡ ያለው ካፓሲተር 300 ቮልት ያህል ይዞ ይቆያል፤ ባትሪው ከወጣም በኋላ ቢሆን። ባትሪውን አውጡ፣ አንድ ቀን አሳድሩት፣ ከዚያ እጀታው ፕላስቲክ በሆነ ዊንዲቨር ሁለቱን እግሮቹን አገናኝታችሁ ባዶ መሆኑን ሳታረጋግጡ ሰሌዳውን በጣታችሁ አትንኩ።

ዕቃውና ልኩ

የሚያስፈልገው ይህ ነው፤ ለካሜራችሁ የሚሆን ትርፍ ቦዲ ካፕ (ሌንስ ሲነሳ ካሜራው የሚደፈንበት ክዳን)፣ 40 እና 32 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ የውሃ ቱቦ ቁራጭ፣ ጥቁር ከፋይ ጨርቅ፣ ሁለቱ ተቀላቅለው የሚደርቁት ኤፖክሲ ማጣበቂያ፣ የማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም፣ ጠንካራ ጥቁር ካርቶን፣ ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 240 እና 400፣ ካሊፐር። ካሊፐር ከሌለ ጥሩ የብረት ማስመሪያ ይበቃል፤ ግን ግማሽ ሚሊ ሜትር ዋጋ እንዳላት አትርሱ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 40ው ቱቦ በክዳኑ ላይ ይጣበቃል። 32ቱ በእሱ ውስጥ ወጣ ገባ ይላል፤ ፎከስ የሚደረገው በዚህ ነው። ሌንሱ 32ቱ ውስጥ ይቀመጣል። ክዳኑ ላይ የሚቀደደው ቀዳዳ 25 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ 32ቱ ቱቦ የቱንም ያህል ቢገፋ ክዳኑ ላይ ይቆማል እንጂ መስታወቱ ጋ አይደርስም። ይህን ነገር በምንም ምክንያት አትለውጡት። ቀዳዳውን ያሰፋ ሰው አንድ ቀን ቱቦውን በድንገት ገፍቶ መስታወቱን ይሰብራል። ደግሞም ማስፋቱ አይጠቅምም፤ ከ60 ሚሊ ሜትር ሌንስ ወደ ሴንሰሩ የሚሄደው ብርሃን በክዳኑ አካባቢ ሲያልፍ ስፋቱ 13 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፣ በፉል ፍሬም 17 ያህል። 25 ከበቂ በላይ ነው።

ሌንሱ ከ32ቱ ቱቦ የኋላ ጫፍ ምን ያህል ገብቶ እንደሚቀመጥ የሚወስነው ይህ ስሌት ነው፦ የሌንሱ የትኩረት ርቀት፣ ሲቀነስ የካሜራው ርቀት፣ ሲቀነስ የክዳኑ ውፍረት፣ ሲቀነስ 1። የክዳኑ ውፍረት ሲባል ካሜራው ብረት ላይ ከሚያርፈው ገጹ እስከ ውጭው ገጽ ያለው ነው። 4 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ለካኖን 60 ሲቀነስ 44 ሲቀነስ 4 ሲቀነስ 1፣ 11 ሚሊ ሜትር። ለኒኮን 8.5። የመጨረሻዋ 1 ሚሊ ሜትር መተንፈሻ ናት፤ ልኬታችሁ ትንሽ ቢስት እንኳ ቱቦው ክዳኑን ሳይነካ ሩቁ ፎከስ እንዲገባ። እሷን የተወ ሰው ማዶው ሁልጊዜ ትንሽ እንደደበዘዘ ይቀርበታል፤ ያኔ መድኃኒቱ ቱቦውን ከኋላ መሞረድ ብቻ ነው።

32ቱን ቱቦ በ51 ሚሊ ሜትር ቁረጡ። ከሌንሱ በስተኋላ 11፣ ከፊቱ 40 ይሆናል። የፊተኛው 40 ለጌጥ አይደለም፤ የጥጉ ጥላ የሚሠራው በእሱ ነው። ለኒኮን 48.5 አድርጉት። 40ው ቱቦ 20 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል።

መቁረጥ፣ መቅደድ፣ ማጣበቅ

ቱቦ ቀጥ ብሎ እንዲቆረጥ ጠርዙ ቀጥ ያለ ወረቀት ዙሪያውን ጠቅልሉና የወረቀቱ ጫፎች በትክክል ሲገጥሙ በጠርዙ በኩል በፓርከር አስምሩ። በብረት መጋዝ ከመስመሩ አንድ ሚሊ ሜትር አስተርፋችሁ ቁረጡ። የተረፈውን ብርጭቆ ወረቀቱን መስተዋት ላይ ዘርግታችሁ፣ ቱቦውን አቁማችሁ፣ በክብ እያዞራችሁ አስተካክሉት። ጫፉ ካዘነበለ ሌንሱም ያዘነብላል፤ ውጤቱም ግራው ጥርት፣ ቀኙ ድብዝዝ የሆነ ፎቶ ነው።

ክዳኑን መቅደድ ያለባችሁ ከካሜራው ላይ አውርዳችሁ ነው። መናገሩ ትርፍ ቢመስልም፣ ካሜራው ላይ እንዳለ የሚበሳ ሰው አይጠፋም። አናጢ ቤት ለበር ቁልፍ ምላስ የሚጠቀሙበት 25 ሚሊ ሜትር ጠፍጣፋ መሰርሰሪያ በትክክል ይሆናል። ክዳኑን እንጨት ላይ አስደግፋችሁ አጥብቁት፣ ድሪሉን ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት። ሲፈጥን ፕላስቲኩ ይቀልጥና ጠርዙ ላይ ይጠቀለላል። ከዚያ ጠርዙን በምላጭ አጽዱ፣ በ400ው አለስልሱ፣ በሳሙናና በውሃ እጠቡ፣ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። የቀረች አንዲት ፍቅፋቂ ካሜራው ውስጥ ከወደቀች ሴንሰሩ ላይ ታርፋለች።

ለማጣበቅ ኤፖክሲ ብቻ። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ጭሱ በአካባቢው ባለ ነገር ላይ ነጭ ጉም ያሳርፋል፤ ፕላስቲክ ሌንስ ላይ ካረፈ አይለቅም። በግሉ ገን የሚቀልጠው ሙጫ ደግሞ ሐይቁ ዳር ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ይለሰልስና ቱቦው ይዘምማል። ኤፖክሲውን ቀብታችሁ 40ውን ቱቦ በቀዳዳው ዙሪያ እኩል አስቀምጡ፣ በማዕዘን ማስመሪያ ቀጥ ማለቱን ከሁለት ጎን አረጋግጡ፣ ለ24 ሰዓት ሳትነኩት አቆዩት።

የቱቦዎቹ ውስጥ ነጭ ወይም ግራጫ ነው፤ እንዲሁ ከቀረ ፎቶው በሙሉ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። በ240ው እስኪሻክር ፈትጉትና የማያብረቀርቀውን ጥቁር ቀለም ሁለት ጊዜ ቀቡት። የሚያብረቀርቅ ጥቁር አይሆንም፤ ብርሃን በጠባብ ማዕዘን ሲመጣ እንደ ነጩ ይመልሰዋል። ከዚህ የሚሻለው ውስጡን ከፋይ ማልበስ ነው፣ ግን ከሌንሱ በስተኋላ ባለው ክፍል አታድርጉት፤ ክሩ እየረገፈ ሴንሰሩ ላይ ይደርሳል።

በሁለቱ ቱቦዎች መካከል በየጎኑ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይኖራል። 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 100 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው የከፋይ ሸርጥ 32ቱ ላይ ጸጉሩን ወደ ውጭ አድርጋችሁ ለጥፉ። አንድ ዙር ካልያዘ ከሥሩ ቀጭን ጨርቅ ጨምሩ። ልኩ የሚታወቀው ቱቦው ወደ ታች ሲዘቀዘቅ በራሱ ሳይወርድ፣ በሁለት ጣት ሲገፋ ግን ሳያስቸግር ሲሄድ ነው። ይኸው ከፋይ የብርሃን መግቢያውንም ይደፍናል።

ሌንሱን በቱቦው ውስጥ የሚይዘው ከጥቁር ካርቶን የተቆረጠ ክብ ነው፤ መሐሉ ላይ አፐርቸር (ብርሃን ማስገቢያ) የሚሆን ቀዳዳ ያለው። የቢሮ ፐንቸር የሚያወጣው ቀዳዳ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። 60 ለ6 ሲካፈል 10፣ ማለትም ኤፍ 10። ጥሩ ልክ ነው፤ ከዚህ የሰፋ ቀዳዳ ምስሉን በጣም ያደበዝዘዋል፣ የጠበበ ደግሞ ሌንሱን ሥነ ሥርዓት ያስይዘውና ጠባዩን ያጠፋዋል። ሌንሱ በአንድ በኩል የጎደጎደ፣ በሌላው የተነፋ ነው። የጎደጎደው ፊት ወደ አፐርቸሩ ይዙር፤ የሆልጋውም አቀማመጥ ይኸው ነው፣ የተነፋው ወደ ውጭ፣ አፐርቸሩ ከኋላው። ሌንሱ ከ32ቱ ቱቦ ውስጥ ከሰፋ ሁሉንም አንድ ደረጃ ከፍ አድርጋችሁ 50 እና 40 ተጠቀሙ።

ሌንሱ ከነማዞሪያው በደህና ከወጣላችሁ የሚንሸራተተው ቱቦ አያስፈልግም። ሆልጋ ማዞሪያ ላይ ርቀት የሚያሳዩት አራት ሥዕሎች 1 ሜትር፣ 2 ሜትር፣ 6 ሜትርና ከ10 ሜትር ወዲያ (ተራራው) ናቸው፤ ሌንሱ የተራራው ሥዕል ላይ ሆኖ ከሴንሰሩ 60 ሚሊ ሜትር እንዲሆን አድርጋችሁ ማጣበቅ ብቻ ነው።

ካሜራው ላይ ከማሳረፋችሁ በፊት

የክዳኑን ጀርባ ወደ ላይ አድርጉና ማስመሪያ አጋድሙበት። ክዳኑ ራሱ ካለው ጥርስ አልፎ የወጣ ኤፖክሲ፣ ካርቶን፣ ምንም ነገር አይኑር። ፉል ፍሬም ካሜራ ላይ መስታወቱ ትልቅ ስለሆነ ወደ ፊት ቀርቦ ነው የሚያልፈው፤ እዚያ ላይ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን።

ቀጥሎ የብርሃን ሙከራ። የቱቦውን አፍ በጥቁር ነገር ድፈኑ፣ ፀሐይ ላይ ውጡ፣ አይኤስኦ (የሴንሰሩ የብርሃን ስሜት) 800፣ 30 ሰከንድ አንሱ። ፎቶው ድፍን ጥቁር መሆን አለበት። ቀላ ያለ ጭረት ወይም ጉም ከታየ ብርሃን እየገባ ነው፤ በአብዛኛው ቱቦውና ክዳኑ ከተጣበቁበት ነው። ይህን ስታደርጉ በዓይን የሚታይበትን መስኮት በጨርቅ ሸፍኑት። ካልሸፈናችሁ ብርሃኑ በዚያ ገብቶ ያልተበሳ ቱቦ እንድትፈቱ ያደርጋችኋል።

ዳሩን መመለስ

በቱቦው የፊት ጫፍ፣ ማለትም ከሌንሱ 40 ሚሊ ሜትር ፊት፣ መሐሉ የተቀደደ ጥቁር ካርቶን አድርጉ። ቀዳዳው 18 ሚሊ ሜትር ከሆነ የኤፒኤስ-ሲ ጥግ ላይ የሚደርሰው ብርሃን ግማሽ ያህል ይሆናል፤ ጨለማው የሚጀምረው ከመሐል 9 ሚሊ ሜትር ርቆ ነው። 14 ካደረጋችሁት ከ6 ሚሊ ሜትር ጀምሮ መጥቆር ይጀምርና ጥጉ ድቅድቅ ለማለት ምንም አይቀረውም። ለሰው ፊት 14ን፣ ለሐይቅና ለሰማይ 18ን እንመርጣለን፤ ውሃው ላይ 14 ሲሆን ጥላው ከፎቶው ይልቅ ዓይን ይስባል። ጠርዙ በምላጭ ከተቆረጠ የጥላው ዳር ለስላሳ ሆኖ ይወጣል፣ በጥርስ ከተቀደደ ግን ጭረቱ ይታያል። ፉል ፍሬም ላይ ካርቶን አያስፈልግም፤ የቱቦው ውስጥ 28 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቱቦው ራሱ ጥጉን በግማሽ ያጨልመዋል።

ይህ ጥላውን ነው የሚመልሰው። የዳሩ መሟሟት ደግሞ በሌላ መንገድ ይመጣል። ሌንሱን ገልብጡት፣ የተነፋው ፊት ወደ አፐርቸሩ ይዙር። በትክክለኛው አቀማመጥ አፐርቸሩና ጉድጓዱ ተረዳድተው ዳሩን ያስተካክሉ ነበር፤ ሲገለበጥ ያ መረዳዳት ይፈርሳል፣ መሐሉ እንደነበረ ሆኖ ዳሩ በኃይል ይሟሟል። ለትንሽ ሴንሰር ከዚህ የሚበልጥ ዘዴ የለም ብለን እናምናለን፤ ሰፊው ፊልም ላይ የነበረውን መልክ ወደ መሐል ሰብስቦ ያመጣዋል። ከገለበጣችሁ በኋላ ፎከሱን እንደገና መርምሩ፣ አንድና ሁለት ሚሊ ሜትር ሊቀያየር ይችላል። ሌንሱን መገልበጥ የማይፈልግ ሰው ርካሽ የመስታወት ፊልተር ዳር ላይ ቫዝሊን በስሱ ቀብቶ መሐሉን ንጹሕ ትቶ ከፊት ሊያስቀምጥ ይችላል። ሌንሱን ራሱን ግን አትቀቡት።

ካሜራው ላይ ምን ይነካል?

ካኖን ሌንስ እንደሌለው ቆጥሮ አፐርቸሩን 00 ብሎ ያሳያል፤ በኤም (ሁሉም በእጅ የሚሞላበት) ወይም በኤቪ ላይ ግን ይሠራል፣ በኤቪ የሹተሩን ፍጥነት ራሱ ይመርጣል። ኒኮን ዲ3000 እና ዲ5000 ቤተሰቦች ላይ ኤም ብቻ ነው፣ የብርሃን መለኪያውም አይሠራም። ከዲ7500 በስተቀር ዲ7000 እና ከዚያ በላይ ባሉት ላይ ቺፕ ለሌለው ሌንስ የሚሞላውን ምናሌ ከፍታችሁ 60 ሚሊ ሜትርና ካለው አፐርቸር የሚቀርበውን ብትሞሉ መለኪያው ይሠራል።

መለኪያ ለሌለው መነሻው ይህ ነው፤ ጥርት ያለ ፀሐይ፣ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 10፣ 1/250 ሰከንድ። ደመና ካለ 1/60። ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው እጁ እንዳይደበዝዝ አይኤስኦ 400፣ 1/1000። አንድ አንሱና ሂስቶግራሙን (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየውን ሥዕል) እዩ፤ የውሃው ነጸብራቅ በቀኝ ጠርዝ ከተቆለለ አንድ ደረጃ አፍጥኑ። ሆልጋውን ከነራሱ አፐርቸር የገጠመ ሰው የተጻፈውን አይመን፤ ኤፍ 8 ተብሎ የወጣው ሲለካ ኤፍ 13 አካባቢ ሆኖ ይገኛል። ያኔ 1/150 ያህል ነው የሚያስፈልገው።

በዓይን መስኮቱ ፎከስ ማድረግ አይቻልም፤ ኤፍ 10 ጨለማ ነው። ላይቭ ቪው (ምስሉን በካሜራው ጀርባ ስክሪን የሚያሳየውን) ክፈቱ፣ 10 ጊዜ አጉሉ፣ ጥቁርና ነጭ ፊት ለፊት የሚገናኙበትን ፈልጉ፤ የዘንባባ ግንድ ከውሃው ጋር፣ የጣሪያ ጠርዝ ከሰማዩ ጋር። ሌንሱ ፈጽሞ ጥርት ስለማይል «ጥርት እስኪል» አትጠብቁ፤ ወደፊትም ወደኋላም ሲሄድ የሚብስበትን መሐል ያዙ። ሩቁን አንዴ ካገኛችሁ 32ቱ ቱቦ ላይ በነጭ ቀለም ምልክት አድርጉ። ከዚያ የቀረውን ሳትፈልጉ መቁጠር ትችላላችሁ፤ ለ60 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከሩቁ ምልክት 0.6 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ 6 ሜትር ነው፣ 1.2 ሲሆን 3 ሜትር፣ 1.9 ሲሆን 2 ሜትር፣ 3.8 ሲሆን 1 ሜትር፣ 8.2 ሲሆን ግማሽ ሜትር። ለ75ቱ 2 ሜትር 2.9 ነው፣ 1 ሜትር 6.1። ጀልባ ላይ ሆኖ ላይቭ ቪው አይመችም፤ ምልክቱን አይቶ ማንሳት ይሻላል።

ፎቶው የሚታየው ስፋት ከፊልሙ በጣም ይጠባል፤ 60ው በካኖን ኤፒኤስ-ሲ ላይ እንደ 96 ሚሊ ሜትር ነው። ለሰው፣ ለአንድ ታንኳ፣ ዓሣ ማራገፊያው አጠገብ ለሚቆሙ ይብራዎች ይመቻል። የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ከቅርብ ሙሉውን ልያዝ ለሚል አይመችም፤ ደግሞም ጭጋጉ ሌንሱ ላይ ይሰፍራል።

የጣና ብርሃን

ፕላስቲኩ ነጸብራቅ የሚከላከል ቅብ የለውም፤ ፀሐይ በቀጥታ ከነካችው ጥቁሩ ሁሉ ግራጫ ይሆናል። ባሕር ዳር ከሐይቁ በስተደቡብ ስለሆነች ከከተማው ዳርቻ ወደ ውሃው የዞረ ካሜራ በአብዛኛው ወደ ሰሜን ነው የሚያየው። በበጋ ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ እኩለ ቀን አካባቢ ከጀርባችሁ ናት፤ የሌንሱ ቀለም የሚያምረው ያን ጊዜ ነው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ግን እኩለ ቀን ላይ ከአናት አልፋ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ጠዋት በቀኝ፣ በዓባይ መውጫ በኩል ናት፤ ማታ በግራ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ውሃው ሲያብለጨልጭ ለማንሳት የፈለገ ሰው ግራጫውን ፈልጎት ያድርገው፣ ካልፈለገ ግማሽ እርምጃ ዞሮ የዛፍ ጥላ ቱቦው ላይ ያሳርፍ። 40 ሚሊ ሜትሩ ቱቦና ካርቶኑ ከጎን የሚመጣውን አብዛኛውን ይከለክላሉ።

ዘጌ ገዳማት ውስጥ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረትም ሆነ አዝዋ ማርያም፣ የግድግዳ ሥዕሎቹን በዚህ ሌንስ ለማንሳት አትድከሙ። ውስጡ ጨለማ ነው፣ ኤፍ 10 አይችለውም፣ ፍላሽ ደግሞ ለሥዕሉ አይበጅም። የዙሪያውን በረንዳ፣ የሣር ክዳኑን፣ ከቡናው ዛፍ ሥር የሚወጣውን መንገድ አንሱ፤ በዛፎቹ መካከል ቁልቁል የሚወርደው የተበታተነ ብርሃን ለሌንሱ የሚስማማ ነው።

በሮው (ካሜራው ባላቀናበረው ጥሬ ፋይል) አንሱ። ፋይሉ የፈዘዘ መስሎ ይወጣል፤ ጥቁሩን ወደ ታች መጎተትና ኮንትራስት መጨመር ይበቃዋል። ሻርፕነስ አትጨምሩ፤ የሌለ ዝርዝር አያመጣም፣ በጠርዞች ላይ ያለውን ሐምራዊና አረንጓዴ ክር ብቻ ያደምቀዋል።

በኤፍ 10 ሴንሰር ላይ ያለች ትንሽ አቧራ ሁሉ ሰማዩ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆና ትታያለች፣ በበጋ ነፋስ ደግሞ አቧራው ብዙ ነው። ሌንስ የምትቀይሩት ጀርባችሁን ለነፋስ ሰጥታችሁ፣ የካሜራውን አፍ ወደ መሬት አዙራችሁ ይሁን። የፕላስቲኩን ሌንስ በነጠላ ጫፍ በደረቁ አትጥረጉት፤ በቀላሉ ይጫጫራል። መጀመሪያ አቧራውን በመንፊያ አራግፉ፣ ከዚያ ለብ ባለ ውሃ ላይ አንዲት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምራችሁ በለሰለሰ ጨርቅ ሳትጫኑ ጥረጉ። አሴቶንና ቲነር ወዲያው ያጨልሙታል፤ አልኮልም ውሎ አድሮ ፊቱን በጥቃቅን ስንጥቅ ይሞላዋል።